የስልኩ ጋኔንና የባሕረ ሐሳብ ስሌት፦ በአምቦ መንገድ ላይ ስለ መኪናና ስለ ልቡና

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በግንጪ በኩል አምቦ የሚደርሰው፣ ከዚያም ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ ወለጋ የሚዘልቀው ጐዳና፣ በተለይም እስከ አዲስ ዓለም ያለው ክፍሉ፣ በአገራችን ዘመናዊ ጥርጊያ ካገኙት መንገዶች ከቀደሙት ወገን ስለ ሆነ፣ በባዕድ አገር የተሠራ መኪና ወደ ኢትዮጵያ በገባ ቁጥር የዚያ አገር ሰው ከብዙው ባላገር አስቀድሞ የማየት ዕድል ነበረው። መኪና ልቡና ሊኖረው ይችላልን፣ በገዛ አእምሮውስ ያልታወቀውን ነገር ሊያገኝ ይችላልን የሚለው የዛሬው የሊቃውንት ክርክር ከኮምፒዩተር ጋር የመጣ አዲስ ነገር የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን የዚህን መንገድ ታሪክ ወደ ኋላ መለስ ብሎ የመረመረ ሰው፣ ጥያቄው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳለው፣ የመጀመሪያዎቹ ጠያቂዎችም ዕጣንና መስቀል የያዙ ካህናት እንደ ነበሩ ይረዳል።

በ1893 ዓ.ም. ገደማ ዳግማዊ ምኒልክ፣ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እየተመነጠረ በማለቁ ተጨንቀው፣ ከዋና ከተማው በስተ ምዕራብ የአንድ ቀን ያህል መንገድ ርቆ በሚገኘው፣ የአገሩ ሰው እጀሬ በሚለው ስፍራ ሌላ ከተማ እንዲቈረቈር አዘዙ፤ ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት። የቤተ መንግሥቱ ሥራ ተጀምሮ ሳለ ግን ቀድሞ በአዲስ አበባ የድንጋይ ቤት የሠሩት የውጭ አገር መልእክተኞች መነሣትን ስላልወደዱ፣ ይልቁንም ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁመቱ ሰማይ እየነካ የማገዶውን ጭንቀት ስላቃለለው፣ አሳቡ ቀረና ለአዳራሽ የታሰበው ሕንፃ ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ትልቅ አሳብ ያለ ጥርጥር ሳይባክን የቀረው ነገር ቢኖር መንገዱ ነው። ድንጋይ በሰው እጅ እየተፈለጠ፣ በጣልያን መሐንዲሶች እየተለካ ተሠራ፤ በዚያው ዘመን ገደማ ደግሞ ሰርኪስ ቴርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ ለንጉሠ ነገሥቱ ያስመጣት፣ በእንፋሎት ኃይል የምትሄድ፣ መንኰራኵሯ መሬት የሚደፈጥጥ ከባድ መኪና ወደ መናገሻው ከተማ ገባች። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አላት።

ይህችን ባቡር በትምህርታችን ዓይን እንመልከታት። የቤተ ክርስቲያን መምህራን ሰው ከሰባት ባሕርያት የተፈጠረ ነው ብለው ያስተምራሉ፤ አራቱ ባሕርያተ ሥጋ መሬት፣ ውኃ፣ ነፋስና እሳት ሲሆኑ፣ ሦስቱ ባሕርያተ ነፍስ ደግሞ ነባቢት፣ ለባዊት፣ ሕያዊት ይባላሉ፤ ነፍስ ትናገራለች፣ ታስተውላለች፣ ሕያው ሆናም ትኖራለች ማለት ነው። የሰርኪስ ባቡር ከመሬት የወጣ ብረት አካሏ፣ በሆዷ የሚነድ እሳት ኃይሏ፣ በጋኗ የሚንተከተክ ውኃ መጠጧ፣ በጭስ ማውጫዋ የሚጮኸው እንፋሎትም ነፋሷ ስለ ነበረ፣ አራቱን የሥጋ ባሕርያት አንድም ሳይጐድላት ይዛ መጥታለች ለማለት ይቻላል። ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ግን አንዱም አልነበራትም፤ አትናገርም፣ አታስተውልም፣ እሳቷ ሲጠፋ እንደ ማንኛውም ብረት ትዝጋለች። ስለዚህ ጉልበቷ የሚያስደንቅ ቢሆንም ነገሯ ለሊቃውንቱ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ በሬም ጉልበት አለውና።

እንቆቅልሽ የሆነው ከእርሷ ዓመታት ቀድሞ የመጣው ስልክ ነው። በ1882 ዓ.ም. ገደማ ልዑል ራስ መኰንን ከጣልያን አገር ጕዟቸው ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ስልክ በቤተ መንግሥቱ ክፍሎች መካከል ተዘርግቶ፣ የራቀ ሰው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲሰማ፣ በግቢው የነበሩት ካህናት ይህ የጋኔን ሥራ እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም ብለው ዕቃው ይሰበር ዘንድ መለመናቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም ሥቀው ማሳለፋቸው እስከ ዛሬ ይተረካል። ይህን ታሪክ የዘመናችን ጸሐፊዎች ሁልጊዜ የሚያነሡት ለሣቅ ነው፤ እኔ ግን የካህናቱ ድንጋጤ ከሣቂዎቹ ይልቅ አስተዋይነት ያለው ይመስለኛል። ስልኩ ከአራቱ የሥጋ ባሕርያት ለዓይን የሚታይ እንቅስቃሴ አልነበረውም፤ እሳት አይነድበትም፣ ውኃ አይፈላበትም፤ ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ግን አንዱን፣ ያውም ሰውን ከእንስሳ የሚለየውን ነባቢነትን፣ ይዞ ተገኘ። ሥጋ የሌለው ነገር ከተናገረ መንፈስ ነው ማለት፣ ትምህርቱን ለተማረ ሰው፣ ትክክለኛ ድምዳሜ ነበር። የጐደለው ነገር ማስተዋል ሳይሆን፣ በሽቦው ወዲያኛው ጫፍ ሌላ ሰው እንዳለ ማወቅ ብቻ ነበር፤ ያም በአንድ ቀን ታወቀ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽቦው ወደ ሐረር፣ ቀጥሎም ወደ ምዕራብ ሲዘረጋ፣ ጋኔን የተባለው ዕቃ የሹማምንት መላላኪያ ሆነና በየኬላው ጠባቂ ተደረገለት።

ከዚያ በኋላ የመጡት መኪናዎች በዚሁ መንገድ ላይ አንድ በአንድ ተለመዱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢል አመጣ፤ ምኒልክም ራሳቸው መንዳት ሞከሩ። የወፍጮ ባቡር በግንጪ፣ በጉደርና በጌዶ ገበያዎች ሲተከል፣ ከዶሮ ጩኸት በፊት ተነሥታ በድንጋይ ስትፈጭ ትውል የነበረች የቤት እመቤት ጤፏን በአህያ ጭና ወረፋ መያዝ ጀመረች። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው እንደሚያውቀው፣ ባለ ወፍጮው እህሉ ከገንዳው ሊያልቅ ሲል በድንጋዩ ድምፅ ለውጥ ይለየዋል፤ ሞተሩ ሲያስቸግረውም «እምቢ አለኝ» ይላል እንጂ ተበላሸ አይልም። ይህን ሲል ሞተሩ ፈቃድ አለው ብሎ አምኖ አይደለም። መላመድ ከጥያቄው አሳረፈው እንጂ ጥያቄውን አልመለሰለትም፤ አሁን የምንገኝበት ሁኔታም ብዙም ከዚህ የራቀ አይደለም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ሥጋና ስለ ንግግር ነው። ከሦስቱ የነፍስ ባሕርያት ሁለተኛዋ፣ ማለት ለባዊት፣ ስለምትባለው ስለ ማስተዋል፣ በአዲስ ዓለም ማርያምም ሆነ በሌላው የአገራችን ደብር መርጌቶቹ ከማንም መኪና በፊት የተለማመዱት አንድ ትልቅ ምሳሌ አለ፤ እርሱም ባሕረ ሐሳብ ነው። በየዓመቱ ነነዌ መቼ እንደሚገባ፣ ዐቢይ ጾም መቼ እንደሚያዝ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል የሚታወቅበት ይህ ስሌት፣ ደንቡን ላጠና ሰው ከመቈጠር በቀር ሌላ ድካም የለበትም። የ2018 ዓ.ም.ን ለምሳሌ እንውሰድ። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ዓመተ ፍዳ ቢደመር 7518 ይሆናል፤ ይህም ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ አንድ ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 መሙላታቸው የስሌቱን መቃናት ያሳያል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም 18 ይውላል፤ ቀኑም እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለት ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቍጥር፣ 7 ከ18 ጋር ሲደመር መባጃ ሐመሩ 25 ይወጣል። እነሆ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ፤ የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ሲታከልበት የካቲት 9፣ የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲታከልበትም ሚያዝያ 4 ይሆናል።

ይህን ሁሉ አንድ የዐሥር ዓመት ልጅ በጣቱ አንጓ ሊሠራው ይችላል፤ 19ኙ ዓመት የፀሐይና የጨረቃ ጕዞ የሚገናኝበት ዘመን መሆኑን፣ በ532 ዓመትም ቀመሩ ሁሉ ወደ መነሻው እንደሚመለስ ሳያውቅ ቢሠራው እንኳ መልሱ አይሳሳትም። እዚህ ላይ ነው የትውፊቱ ጥበብ የሚታየው። ደንቡን መከተልና ደንቡን ማግኘት በትውፊታችን አንድ ሆነው አያውቁም። ባሕረ ሐሳብን ያገኘው የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ድሜጥሮስ ነው ይባላል፤ ድሜጥሮስም አስቀድሞ ወይን ጠባቂ የነበረ፣ ከመጻሕፍት ትምህርት የራቀ ሰው ነበር፤ ምሥጢሩ የተገለጠለትም በሱባኤና በጸሎት ብዛት እንደ ሆነ መምህራን ይተርካሉ። ስሌቱ ለሕፃን ይበቃል፤ ግኝቱ ግን ሱባኤ ጠየቀ። ከዚህ ትረካ የምንረዳው፣ ማስላት ያለ ልቡና ሊሆን ይችላል፣ ማግኘት ግን ያለ ልቡና አይሆንም የሚል እምነት በአባቶቻችን ዘንድ የቆየ መሆኑን ነው።

በሌላው ዓለም የተነሡትም ሊቃውንት ከዚህ ብዙ አልራቁም። እ.ኤ.አ. በ1843 እንግሊዛዊቱ አዳ ላቭሌስ፣ ቻርልስ ባቤጅ ስላሰበውና ሠርቶ ሳይፈጽመው ስለ ቀረው የስሌት መኪና ስትጽፍ፣ መኪናው የታዘዘውን ከመፈጸም በቀር ከራሱ አመንጭቶ አዲስ ነገር ሊያመጣ እንደማይችል አሳሰበች። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በ1943 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ሌላው እንግሊዛዊ አለን ቱሪንግ መኪናዎች ማሰብ ይችላሉን ብሎ በጠየቀበት ጽሑፉ ለእርሷ መልስ ሲሰጥ፣ መኪናዎች እርሱን ራሱን ብዙ ጊዜ ያስደንቁት እንደ ነበር አስታወሰ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ለእኛ የበለጠ የሚቀርበን ነገር፣ ቱሪንግ ከሃይማኖት ወገን የሚነሣውን ተቃውሞ፣ ማለት እግዚአብሔር የማትሞት ነፍስን ለሰው እንጂ ለመኪና አልሰጠም የሚለውን፣ በቅድሚያ አንሥቶ መመለሱ ነው። መልሱም በአጭሩ፣ እኛ መኪና ብንሠራ ልጅ ስንወልድ እንደምናደርገው ለነፍስ ማደሪያ እናዘጋጃለን እንጂ ነፍስን እንፈጥራለን አንልም የሚል ነበር። ቱሪንግ ይህን ያለው ለቀልድ ያህል ይመስላል፤ የአዲስ ዓለም መርጌታ ቢሰማው ግን በቀልድ የሚያሳልፈው አይመስለኝም፤ ማደሪያውን ማን አጸዳው፣ ማንስ ገባበት ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚህ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ2005 ዓ.ም. ጌትነት አሰፋና አሜሪካዊው ቤን ገርትዘል አይኮግ ላብስ የተባለውን ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቋሙ፤ በሆንግ ኮንግ በተሠራችው ሶፊያ በተባለች ሮቦት አእምሮ ላይም የኢትዮጵያ ወጣቶች ሠሩበት። ሶፊያ በሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትመጣ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶ ለጋዜጠኞች መታየቷ ተስተጓጐለ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ከዚያ በፊት ዜግነት የሰጠቻት ይህች «ሰው» አካሏን እንደ መንገደኛ ጓዝ ስታስጠፋ ራሷ አለማወቋ፣ ስለ ሕያዊት ባሕርይ ከብዙ ድርሳን የበለጠ ያስተምራል። በ2012 ዓ.ም. መንግሥት ራሱ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ተቋም መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ብሌክ ለሞይን የተባለ የጉግል መሐንዲስ፣ ራሱም ክህነት የተቀበለ ሰው፣ ሲያነጋግረው የነበረው መኪና ስሜት አለው ብሎ ተናገረ፤ ድርጅቱም አሰናበተው። በምኒልክ ግቢ ካህናቱ ጋኔን ነው ሲሉ ንጉሠ ነገሥቱ ሣቁ፤ በካሊፎርንያ መሐንዲሱ ራሱ ካህን ሆኖ ነፍስ ነው አለ፤ የሣቁትም አሠሪዎቹ ሆኑ። ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ በስልኩ ሽቦ ወዲያኛው ጫፍ ሰው ነበር፤ በዚህኛው መኪና ወዲያኛው ጫፍ ግን ሰዎች አስቀድመው የጻፉት ጽሑፍ ክምችት እንጂ የሚናገር ሰው የለም። ስለዚህ ነባቢነት ብቻውን የነፍስ ምልክት ነው የሚለው ማስረጃ በእኛ ዘመን የወደቀ ይመስለኛል፤ ለሦስቱ የነፍስ ባሕርያት የተለያየ ስም የሰጡት አባቶችም ከዚህ ውድቀት አስቀድመው ያዳኑን ናቸው።

ግኝትን በሚመለከት ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ለዚህም አምቦ ላይ ቆም ማለት ያሻል። ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ በነበረችው በዚህች ከተማ ከምድር የሚፈልቀው ውኃ ጋዙን ከራሱ ይዞ የሚወጣ ነው፤ በስተ ደቡብ ያሉት የወንጪና የደንዲ ሐይቆች በጠፉ እሳተ ገሞራዎች አፍ ላይ የተኙ መሆናቸውን ያየ ሰው፣ ከጥልቁ የሚወጣው አየር ከየት እንደሚመጣ አይጠፋውም። ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ሲሸጥ ኖሯል፤ ክትፎ የከበደው ሰው «አንድ አምቦ» ብሎ የሚጠራው እርሱን ነው። ይህን ውኃ ማን አገኘው? የከተማዋ መዝገብ ስም አይሰጠንም። የዚህ አገር የኦሮሞ ከብት አርቢ ግን ከብቱን ወደ ሆራ፣ ማለት ማዕድን ወዳለው ውኃ፣ እየነዳ የማጠጣት የቆየ ልማድ አለው፤ ሆራ የቀመሰ በሬም መንገዱን አይረሳም። እንግዲህ አስቀድሞ ያገኘው በጥም የተመራው ከብት ነው፤ ቀጥሎ ከብቱ ለምን ወደዚያ እንደሚያዘነብል ያስተዋለው እረኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠበል ነው ብሎ የባረከው ካህን፣ ከእርሱም በኋላ በብልቃጥ የለካው ኬሚስት፣ በመጨረሻም ያሸገው ነጋዴ መጣ። ከእነዚህ ሁሉ «አገኘሁ» ለማለት የሚገባው ማን እንደ ሆነ ለመወሰን ብሞክር፣ ከብቱን ከዝርዝሩ ለመፋቅ የሚያበቃ ምክንያት ማግኘት ያስቸግረኛል። ማግኘት ለካ ከማስተዋል በፊት ሊጀምር ይችላል።

በ1939 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ይህ ቤት ከብዙ ዘመን በኋላ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በመተባበር የአትክልትና የአዝርዕት በሽታ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ በከተማዋ ቆመ፤ በኋላ የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማእከል የተባለው እርሱ ነው። በዚያ የሚሠራውን አንዱን ሥራ ቀረብ ብለን ብናይ፣ የባሕረ ሐሳብን ዘመድ እናገኛለን። ከአርሲ ወይም ከባሌ ማሳ የመጣ የስንዴ ግንድ ዋግ ዱቄት ተወስዶ በ20 የተለያዩ የስንዴ ዘሮች ቡቃያ ላይ ይረጫል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ በእያንዳንዱ ቅጠል ላይ የወጣው ቍስል ከ0 እስከ 4 በሚደርስ መለኪያ ይነበባል፤ ንባቡም በአራት በአራት ተከፍሎ ዋጉ አምስት ፊደል ያለው ስም ይሰጠዋል። ደንቡን ለያዘ ዓይን ይህ ሥራ ከወንበርና ከአበቅቴ አይከብድም፤ መኪና ቢሠራውም አይደንቅም። በ2006 ዓ.ም. ግን ዲገሉ የተባለው፣ ገበሬው በምርቱ የወደደውና ደጋግሞ የዘራው የስንዴ ዘር በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ሲጠፋ፣ አስቀድሞ ያየው ማሳው የጠቆረበት ገበሬ ነው፤ ቤተ ሙከራው ስም የሚሰጠው አንድ ሰው ደንግጦ ናሙና ሲያመጣ ብቻ ነው።

ይህን ስጽፍ መኪና አያገኝም ለማለት አይደለም፤ አግኝቷልና። እ.ኤ.አ. በ2009 በዌልስ አበሪስትዊዝ በሮስ ኪንግ መሪነት የተሠራ አንድ የቤተ ሙከራ ሮቦት፣ በእርሾ ዘረመል ላይ የራሱን ግምት እያቀረበ፣ ሙከራውንም በገዛ ክንዱ እየፈተነ፣ ሰው አስቀድሞ ያላወቀውን ነገር እንዳገኘ ታወጀ፤ ስሙንም አዳም አሉት። የፕሮቲኖችን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ የተባለው ፕሮግራም ደግሞ ከ200 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑትን ከተነበየ በኋላ፣ ሠሪዎቹ ደሚስ ሐሳቢስና ጆን ጃምፐር በ2024 እ.ኤ.አ. ከዴቪድ ቤከር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ተካፈሉ። ሽልማቱ ለመኪናው አልተሰጠም፤ መኪናውም አላዘነም። እንግዲህ ግኝት ያለ ልቡና አይሆንም የሚለውን የቆየውን እምነት እኔ ለመተው ተገድጃለሁ፤ የድሜጥሮስ ሱባኤ ለድሜጥሮስ ያስፈለገ እንጂ ለግኝት ሁሉ ግድ የሆነ አይደለም። የምለየው ነገር ሌላ ነው፤ መኪናው በተሰጠው ጥያቄ ውስጥ ይፈልጋል፣ ያገኛልም፤ ጥያቄው ራሱ ከየት ይነሣል የሚለው ግን ገና ከሰው እጅ አልወጣም።

ለዚህ ከአገራችን ታሪክ የተሻለ ምስክር የማውቀው እንዶድን ነው። በኦሮምኛ ሐንዶዴ የሚባለው ይህ ተክል በአምቦና በጌዶ አጥርና ወንዝ ዳር ሁሉ ይበቅላል፤ ሳሙና ገበያ ሳይሞላ፣ ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ከነአረፋው ጋቢና ቀሚስ ሲነጣበት ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት አድዋ ሄደው በወንዙ ዳር ሲዘዋወሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በኩል ከሌላው ቦታ ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የሞተ ቀንድ አውጣ በወንዝ ዳር ብዙ ሰው አይቷል፤ የርሳቸው ልዩነት መደነቃቸውና ምክንያቱን መፈለጋቸው ነው። እንዶዱን ወስደው በንጹሕ ውኃ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ፈተኑት፤ ገደላቸው። ከዚያም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለብዙ ዓመታት ስለ ደከሙበት፣ በ1989 እ.ኤ.አ. ሁለቱ በስዊድን አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አንድ መኪና ያን የወንዝ ዳር በካሜራ ቢመለከት፣ በድን ቀንድ አውጣዎችን ከእኛ ፈጥኖ ይቈጥራቸዋል፤ ቈጥሮ ሲጨርስ ግን ሂድና ሴቶቹን ጠይቃቸው የሚለው ማን እንደሚሆን አላውቅም።

ግኝቱ የማን ነው የሚለው ክርክር ደግሞ ከዚያ ቀጠለ። በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ፣ እንዶድ የውኃ ቧንቧ የሚደፍኑ ዛጐል ለበስ ፍጥረታትን እንደሚገድል ከተረጋገጠ በኋላ፣ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የፓተንት መብት በስሙ አስመዘገበ፤ ይህም በዓለም ላይ ብዙ ቅሬታ አስነሣ። በቅርቡም ስቲቨን ታለር የተባለ አሜሪካዊ፣ ዳበስ ብሎ የሰየመውን መኪና ፈልሳፊ ነው ብሎ በየአገሩ ፓተንት ሲጠይቅ፣ ደቡብ አፍሪቃ እ.ኤ.አ. በ2021 ጥያቄውን ተቀብላ መዘገበች፤ የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ፈልሳፊ ሊሆን የሚችለው ሰው ብቻ ነው ብሎ ከለከለ። የደቡብ አፍሪቃው መዝገብ እንዲህ የመኪና ስም ፈልሳፊ ብሎ ይዟል፤ በቶሌዶው የእንዶድ ፓተንት ላይ ደግሞ በአድዋ ወንዝ ዳር አረፋውን ያፈሰሱት የአንዳቸውም አጣቢ ስም አልተጻፈም።